ቀይ ያበበው ባሕር ዛፍ

የባሕር ዛፍ አበባ ነጭ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ንብ ይወደዋል፤ ሲረግፍ ደግሞ መሬቱ ላይ ዱቄት የተደፋ ይመስላል። እንግዲህ አንድ ማለዳ ብትነሱና ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁሉ አንዱ ብቻ ቀይ፣ ያውም ደም የመሰለ ቀይ አብቦ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ቦታውስ ጣልያን ሰው ይረሽንበት የነበረ ቢሆን? እኛ ያልነውን ነው የምትሉት። ስለዚህ ታሪኩን እስክጨርስ ድረስ አትሳቁብን።

በዚያን ጊዜ እኔ አንዴ አግብቼ የፈታሁ፣ ምላሴ የማያርፍ ወጣት ነበርኩ። ባሌን የፈታሁትም በምላሴ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያየሁትን ሳልናገር ማደር አልችልም ነበር። አገራችን ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ከጮቄ ጥግ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤታችንን ያቆመው ታላቅ ወንድሜ አንለይ ነበር።

አንለይን የወሰዱት እያረሰ ሳለ ነው። ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል ብሎ አንድ ባንዳ ጠቁሞበት፣ አስካሪ የምንላቸው የጣልያን ጥቁር ወታደሮች እርሻው መሃል ገብተው እጁን የፊጥኝ አሰሩት። እኛ ይህን ያወቅነው በሬዎቹ ሞፈር እየጎተቱ ራሳቸው ቤት ሲመጡ ነው። እናቴ በሬዎቹን አይታ ምንም አልጠየቀችም፤ ቀንበሩን አወረደችላቸውና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ የሰማነው ይህን ብቻ ነው፦ ደብረ ማርቆስ ወስደው ከሌሎች ጋር አሰሩት፤ አንድ ጠዋት እስረኞቹን ከምሽጉ ጀርባ ነዷቸው፤ ተኩስ ተሰማ። ሬሳ ለዘመድ አልተሰጠም። በዚያው ክረምት ጣልያኖች ያንን ቦታ ከአዛዡ መኖሪያ ጀርባ ጀምረው ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ሰዉም የተቀበሩበትን ለመደበቅ ነው አለ፤ ሌላ ምን ይላል?

በእኛ አገር ሞተ ማለትና ተቀበረ ማለት አንድ አይደለም። ቄሳችን አባ ሞገሴ «ሬሳ ባይኖርም ፍትሐቱን እናድርስለት፤ እግዚአብሔር የወደቀበትን ያውቃል» ብለው እናቴን ለመኗት። እሷ ግን ወይ ፍንክች።

«ከአባቱ አጠገብ ሳላሳርፈው ተዝካር አላወጣም» አለች። «እግዚአብሔርማ ያውቃል። የማላውቅ እኔ ነኝ።»

ጥጥ ገዝታ መፍተል ጀመረች። ቀጭን አድርጋ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ የልጇን መግነዝ አሠራች። በአቁማዳ ከታ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። እኔ ደግሞ ወሬ ቢሰማ ቅርብ ልሁን ብዬ ደብረ ማርቆስ ወርጄ፣ በአዛዡ ቤት ልብስ አጣቢ ሆንኩ። የወንድሜን ገዳዮች ልብስ እያጠብኩ እንጀራ በላሁ። በዚህ የሚፈርድብኝ ካለ ይፍረድ፤ እኔ ከሁሉ በፊት ፈርጄበታለሁ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ያ ዛፍ አበበ።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ። ከአዛዡ አጥር ቀጥሎ ያለው ዛፍ ጫፉ በቀይ ተሸፍኗል። ጠጋ ብዬ አየሁት። አበባው ቅጠል የለውም፤ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ብቻ ነው፣ ክሩ ጫፍ ላይ ቢጫ ነጥብ ነጥብ አለበት። ንቦቹ እንደማንኛውም አበባ ይገቡበታል። እርጥቡን ልብስ እንደታቀፍኩ መሬት ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ወሬው ገበያውን ሞላው። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች ጭራሮ ለቀማ መስለው እየመጡ ከሩቅ እጅ ይነሱት ጀመር። አንዷ ግንዱን ቅቤ ቀብታው ሄደች። አባ ሞገሴም እኛ ሰፈር ሆነው፣ ዛፉን ሳያዩ፣ «ምድር የንጹሕ ሰው ደም አትደብቅም፤ የአቤልስ መቼ ተደበቀ?» አሉ። እናቴ የምትጠብቀው ይህችን ቃል ነበር።

የጣልያኖቹ የገና በዓል ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ከአጎቴ ከአያ ደሴ ጋር እኔ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ገባች። አህያዋ ላይ ጭድ ተጭኗል፤ ጭዱ ውስጥ ዶማ አለ። መግነዙን ከነጠላዋ ሥር ወገቧ ላይ ታጥቃዋለች።

«ነገ በዓላቸው ነው አይደል?» አለችኝ። «ሲሰክሩ ይውላሉ።»

«እማዬ፣ ቢይዙንስ?»

«ቢይዙን ከሱ ጋር ያኖሩናል።»

ምላሴ በላኝ። «የተረሸኑት ብዙ ናቸው። ከዛፉ ሥር ያለው አንለይ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

አያ ደሴ በዓይኑ ገሠጸኝ። እናቴ ግን አልተቆጣችም፤ ይህን ጥያቄ ለራሷ ስትጠይቅ እንደኖረች ያስታውቃል።

«የሌላ ሴት ልጅ ቢሆንም አንስቼ እገንዘዋለሁ» አለች። «የኔን ያገኘች ደግሞ ለኔ ትገንዝልኝ።»

ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጣልያኖቹ ከጸሎታቸው ወጥተው ወደ ግብዣው ገቡ። የጥብስ ሽታ ግቢውን አውዶታል፤ እኛ ጾም ላይ ነን። የማጠቢያ ባልዲዬን ይዤ ፊት ፊት ሄድኩ፤ በር ጠባቂው አስካሪ ያውቀኛል። «ዘመዶቼ ናቸው፤ ለማገዶ ቅጠል ሊጠርጉ ነው» አልኩት። እጁን አወናጭፎ ከነአህያችን አሳለፈን። እሱም መጠጥ ቀምሷል።

ዛፉ ሥር ስንደርስ እናቴ ጫማዋን አወለቀች። ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ግንባሯን አስደገፈችበት። ቀይ ክር ክሩ ነጠላዋ ላይ ረገፈ። እኔ ለቅሶ ያፈነዳታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ «ቆፍር፣ ደሴ» አለችው።

አያ ደሴ ጉልበተኛ ነው፤ ሆኖም ድምፅ እንዳይሰማ ዶማውን ከጉልበቱ በላይ አያነሳም። እናቴ የወጣውን አፈር በቅጠል ትሸፍናለች፤ እኔ መንገዱን አያለሁ። ከአዳራሹ ዘፈንና ሳቅ ይመጣል፤ ሳቁ ጋብ ባለ ቁጥር አያ ደሴም እጁን ያቆማል። እንዲያ እያልን ሥሩ አጠገብ ጉድጓዱ ጉልበት ደረሰ።

ዶማው ብረት ነካ።

ሦስታችንም ቀጥ አልን። አንለይ አንገቱ ላይ የብረት መስቀል ነበረው፤ አባቴ ሲሞት ከአንገቱ አውልቆ የሰጠው። እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ በጉልበቷ ወርዳ አፈሩን በጥፍሯ ትጭር ጀመር።

«መጣሁ፣ ልጄ» አለች። «ዘገየሁብህ።»

እኔም መንገዱን ማየት ረሳሁና ጉድጓዱ ላይ አጎነበስኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ቀና ስል አስተርጓሚው ከኋላችን ቆሟል።

አስተርጓሚው ተስፋይ የሚባል የመረብ ማዶ ሰው ነው። ከተማው ሁሉ ይፈራዋል፤ ጣልያን የሚናገረው በሱ አፍ ነውና። የበዓል ልብስ ለብሷል፤ እጁ ላይ ሲጋራ አለ። ዶማውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ እናቴን አየ።

«ምን ቀብራችሁ ነው?» አለ። መሣሪያ የደበቅን መስሎታል።

አያ ደሴ ዶማውን ጠበቅ አደረገው። ሰውየውን ሊመታው እንደሆነ ገባኝ፤ ቢመታው ደግሞ አራታችንም እዚያው እንደምናልቅ ገባኝ። መሃል ገባሁ።

«አፈር ስሆን፣ ጌታው» አልኩት። «እኛ አልቀበርንም። እናንተ የቀበራችሁትን ነው የምንፈልገው። ወንድሜ ነው።»

ሲጋራውን ጣለና ረገጠው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቁልቁል አየ። እናቴ ብረቱን ይዛ እየሳበች ነው፤ አልወጣላትም።

«አደይ» አላት በአገሩ ቋንቋ፣ እናቴ እንደማለት፤ «ተይው። እሱ ቆርቆሮ ነው።»

«መስቀሉ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«ቆርቆሮ ነው። የጋዝ ቆርቆሮ። ችግኙ የመጣው በሱ ነው፤ ከካሚዮን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሥሩ እንዳይጎዳ ታቹን ቆርጠን ከነቆርቆሮው ተከልነው። የአዛዡ ሚስት፣ ሲኞራዋ፣ ለደጇ ጌጥ ብላ ከአሥመራ ያስመጣችው ነው።»

«ባሕር ዛፍ ቀይ አያብብም» አለ አያ ደሴ፣ ዶማውን እንደያዘ።

«ይሄኛው ያብባል። ዘሩ ነው።» አስተርጓሚው ተነስቶ ከዛፉ አንድ ቅጠል፣ ከጎኑ ካለው ደግሞ ሌላ ቀነጠሰ። ሁለቱንም መዳፉ ላይ ዘርግቶ ለእናቴ አሳያት። «እይው። የነዚያ ቅጠል ማጭድ ይመስላል፤ የዚህ ሰፋ ያለ ነው። የነዚያ ልጥ ይላጣል፤ የዚህ ሻካራ ነው፣ አይላጥም። ፍሬ ሲይዝ ደግሞ እንሥራ የመሰለች ትልቅ ፍሬ ነው የሚይዘው። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ አይደሉም። አሥመራ በየደጁ ሞልቷል፤ አንዱ ቀይ ያብባል፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ። ያ ሁሉ ዛፍ ሰው ተቀብሮበት ነው?»

«ትዋሻለህ» አለችው።

«አልዋሽም፣ አደይ። ከቆርቆሮው በታች ቆፍሪ፤ መሬቱ ተነክቶ አያውቅም።»

አያ ደሴ ቆፈረ። ከቆርቆሮው በታች ያለው አፈር እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ከተፈጠረ ዶማ ያልነካው ቀይ መሬት ነበር። ገበሬ ነውና ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ዶማውን አስቀመጠ። እህቱን ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ።

እናቴ ግን አሁንም ከጉድጓዱ አልወጣችም። «ታዲያ ልጄ የት ነው ያለው?» አለች።

እንዳይመልስላት ጸለይኩ። ጸሎቴ አልሰመረም።

«በዚያው ዕለት በካሚዮን ጫኗቸው» አለ። «ወደ ዓባይ በረሃ ወሰዷቸው። መቃብር የላቸውም።»

«አንተ ነበርክ?»

«ፍርዱን የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ።»

«አንለይ ምን አለ?»

ይህን ስትጠይቅ ድምጿ የሰላምታ ያህል ለስላሳ ነበር። ሰውየው ዓይኑን ሰበረ።

«ማንኛው አንለይ እንደሆነ አላውቅም፣ አደይ» አለ። «ስማቸውን አልጠየቅሁም።»

ያን ጊዜ ነው እናቴ የሞተችው እላለሁ። ለመቀበር የዘገየች ቢሆንም።

ወዲያው ከአዛዡ ቤት በኩል የጣልያን ቋንቋ ተሰማ። አንድ ወፍራም ሳጅን ጠርሙስ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል፤ ኋላው አንድ አስካሪ ጠመንጃ አንግቶ ይከተላል። የምንሸሽበት ቦታ የለም። አስተርጓሚው ዘሎ ተነሣና ጮኸብን፤ እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

«ሰነፎች! ሲኞራዋ ዛፌን ኮትኩቱልኝ ካለች ስንት ቀን ሆናት? ለበዓል እንኳ ታስጮኹኛላችሁ? ውሃ አምጡ!» ከዚያ ወደ ሳጅኑ ዞሮ በቋንቋቸው አወራው፤ ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ አበባው፣ ወደ እኛ እየጠቆመ። ሳጅኑ ሳቀ። ከሄደስ ጥሩ ነበር፤ አልሄደም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠርሙሱን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ሊያየን ተመቻቸ።

ሥራው የእውነት ሆነ። አያ ደሴ ከሥሩ ዙሪያ አረሙን ነቀለ፤ ጉድጓዱን መልሶ እየደፈነ አለሳለሰው። እኔ ባልዲውን ይዤ ወደ በርሜሉ ሮጥኩ። ሞልቼ ስመለስ እናቴ እጇን ዘረጋች።

«ለኔ ስጪኝ» አለች።

«እኔ አጠጣዋለሁ፣ እማዬ።»

«አምጪው።»

ባልዲውን ተቀብላኝ ቀስ እያለች አፈሰሰችው። ውሃው ሥሩ ላይ ቀይ ጭቃ ሆነ። ጎንበስ ስትል የመግነዙ ጫፍ ከነጠላዋ ሥር ተፈትቶ ወረደና ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ቶሎ ብዬ አንስቼ ከመቀነቷ ሥር ወተፍኩላት። ሳጅኑ አላየም፤ አስተርጓሚው አይቷል። ሁለተኛ ባልዲ አመጣሁ፤ እሱንም አፈሰሰች። ሳጅኑ በቃችሁ እስኪለን ድረስ ስታጠጣ ቆየች። ያላሳደገችውን፣ የጠላት ሚስት ለጌጥ ያስተከለችውን ዛፍ፣ ልጇን የምታጥብ ያህል ተጠንቅቃ አጠጣችው። እኔ ከጎኗ ቆሜ የምሠራው ጠፍቶኝ ባልዲ አመላልሳለሁ። መጥረቢያ ቢኖረኝ ዛፉን እጥለው ነበር፤ ዛፉ ምን አደረገ?

ሲለቁን በጓሮው መንገድ ወጣን። አስተርጓሚው እስከ በሩ ሸኘን። ምርቃት ይሁን ይቅርታ የጠበቀው አላውቅም፤ እናቴ ግን አላየችውም። እኔም እስከ ዛሬ ስለዚያ ሰው ምን እንደማስብ አልቆረጠልኝም። ወንድሜን በአፉ ገደለው፤ እኛን በአፉ አዳነን። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

ቁልቁለቱ ላይ እትዬ ጠጄን አገኘናት። የደምበጫ ሰው ነች፤ ሁለት ልጆቿ ከአንለይ ጋር ነው የተወሰዱት። ያን ዛፍ ቅቤ የቀባችው እሷ ናት። አሁንም በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች። እጃችን ላይ ያለውን ጭቃ ስታይ ቆመች።

«አገኛችኋቸው?» አለች። ልጆቿን ማለቷ ነው።

አፌን ከፈትኩ። እኔ እኮ ያየሁትን ሳልናገር አላድርም። ይህች ምስኪን ከደምበጫ ድረስ ቅቤ እየተሸከመች ለሲኞራ ጌጥ መስገዷ አበሳጭቶኝ ልነግራት ነበር። እናቴ የእጄን አንጓ ጨበጠችኝ፤ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ።

«አልደረስንባቸውም፤ ጠባቂ መጣብን» አለቻት። «ግን እንዳበበ ነው። ውሃ አጠጥተነዋል።»

እትዬ ጠጄ መሬት ስማ መረቀችን። «እናንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። እንግዲህ እዚያው ይረፉ» ብላ ቅቤዋን ይዛ ሽቅብ ወጣች።

ከዓይን ስትጠፋ «ለምን ዋሸሻት?» አልኳት።

«እኔን ማን ጠይቆኝ ነገረኝ?» አለች እናቴ። «የኔ ፈርሷል። የሷን ለምን አፈርሳለሁ?»

እስከ ሮብ ገበያ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም፤ አላንጎራጎረችም። ጥጥ ነክታ የማታውቅ ሴት ይመስል እንዝርቷን ተወችው። አባ ሞገሴ መጥተው «እንግዲህ ፍትሐቱን እናድርስ» ሲሏት «እርስዎ እንዳሉ» አለቻቸው፤ አንገቷን ሳታቀና። እሳቸው እሺታዋ ደስ አሰኝቷቸው ሄዱ። እኔ ግን እናቴ እሺ ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። የሚቀጥለው ክረምት ሳይወጣ፣ ጣልያን ሳይወጣ፣ ምንም ሳያማት ሞተች። መግነዝ መፈለግ አላስፈለገንም። ምሰሶው ላይ መልሳ የሰቀለችውን አወረድነው። ጫፉ ላይ ያ ቀይ ጭቃ አለ፤ ባጥበውም አለቀቀም። በአባቴ አጠገብ፣ ለልጇ በጠበቀችው ቦታ፣ ለልጇ በፈተለችው ልብስ ቀበርናት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት የተማራችሁ ናችሁ፤ ያን ዛፍ አንዴ አይታችሁ ስሙንና የመጣበትን አገር የምትናገሩ። አሁን በየከተማው፣ በየሆቴሉ ደጅ ሞልቷል፤ እኔም ቅጠሉን ሳይ አውቀዋለሁ። ሰፊ ቅጠል፣ ሻካራ ልጥ፣ እንሥራ የመሰለች ፍሬ። ማወቁ ለምንም አልጠቀመኝም። አንለይን አልመለሰልኝም፤ የወደቀበትንም አላሳየኝም። በዓባይ በረሃ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የትኛውን ድንጋይ ልይ? የዚያን ዕለት ከተማርኩት ሁሉ የቀረልኝ አንድ ነገር ነው። ከሰው እጅ ላይ ሐሰት ከመንጠቄ በፊት በምትኩ የምሰጠው አለኝ ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የለኝም። ምላሴም እንዲህ ዝም አለ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ያን ቦታ አጥር አጠሩበት፤ ዛፎቹንም ለቤት መሥሪያ ቆረጧቸው። ቀዩንም አብረው ጣሉት። ሲቆረጥ እዚያ ነበርኩ፤ ግንዱ ሲወድቅ የቆርቆሮው ዝገት ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይታይ ነበር።

እትዬ ጠጄ በዚያን ጊዜ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። በታኅሣሥ ደምበጫ ልጠይቃት ሄድኩ። እጄን ይዛ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ልጆቿ ከነቤተሰባቸው ሩቅ አገር ያሉ ይመስል በደኅና ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ዘንድሮስ አበበ?»

«አብቧል፣ እትዬ» አልኳት። «ውሃ አጠጥቼው ነው የመጣሁት።»